ደሴ የሚበትን እጅ ኮምቦልቻ ምን ነካው?

የአክስቴ ልጅ ደሴ ውስጥ፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ በፑል ብሬክ፣ ማለትም ጨዋታው ሲጀመር የተደረደሩትን ኳሶች በነጩ ኳስ መትቶ በመበተን፣ የታወቀ ልጅ ነው። እሱ ሊበትን ሲል ሰው ሻዩን አስቀምጦ ይነሳል። ሁለት ኳስ ማስገባት ለሱ ብርቅ አይደለም። አንዳንዴ ጥቁሩን ኳስ ራሱን ይከተዋል፤ በእኛ ቤት ሕግ ደግሞ በብሬክ ጥቁር ያስገባ አሸንፏልና ተጋጣሚው መምቻ ዱላውን፣ ስቲኩን፣ ሳይነካ ከፍሎ ይወጣል። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፣ ጉራው የአርባ ዓመት ሰው ነው።

ይህን ልጅ ኮምቦልቻ ኩም አደረገችው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ሜትር ይዘን ስንለካ፣ በስልክ ስንቀርጽ፣ ስንጨቃጨቅ ያገኘነውን ነው የምጽፈው። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ፑል አሠልጣኝ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ለምን እንደተበላሸ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሥራ በሽታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሁድ የዘመድ መልስ ተጠርተን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። በልተን ጠጥተን ስንወጣ አንድ ሰፊ ላውንጅ ውስጥ ፑል አየ። ዓይኑ በራ። ጠረጴዛው ትልቅ ነው፣ ጨርቁ አዲስ፣ መብራቱ እንደ ሰርግ አዳራሽ። እዚያ ቤት የተሸነፈ ይከፍላል፤ ለመጽናኛ ይሆን አላውቅም፣ የሚቀጥለውንም ብሬክ የተሸነፈው ነው የሚያደርገው። ስለዚህ የእኛ ልጅ አምስት ጌም ተከታትሎ በተነ። ለምን አምስቱንም እንደበተነ ገብቷችኋል።

በመጀመሪያው ኳሶቹ ተንቀሳቀሱ እንጂ አልተበተኑም። ፊት ያሉት ሦስት አራቱ ሄዱ፣ የኋላዎቹ ገበያ እንደወጡ ሰዎች ተጠጋግተው ቀሩ። በሁለተኛው ኃይል ጨመረ፣ ነጩ ወደ ጎን ፈትለክ ብሎ መሐል ጉድጓድ ገባ። በሦስተኛው ደግሞ ጨመረ፣ ነጩ ተመልሶ እሱ በቆመበት በኩል ያለው ጥግ ውስጥ ጠፋ። በአራተኛው ነጩ ከጠረጴዛው ዘሎ ወጣና የአንድ ሰው ወንበር ሥር ገባ። አምስተኛውን ባልናገር ይሻላል። ሙድ ያዙበት። ላብ በላብ ሆኖ ሲከፍል የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ትከሻውን መታ አድርገው «አብሽር የኔ ልጅ፣ ጠረጴዛው ነው የበለጠህ፣ ሰው አይደለም» አሉት።

ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን እስክንወጣ ድረስ ምክንያት ሲደረድር ነበር። አየሩ ነው አለ፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ ይከብዳል፣ ኳሱን ይይዛል። እርግጥ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ናት፣ አየሩም በመጠኑ ይወፍራል። ግን አንድ ሜትር ለሚሄድ ኳስ ይህ ምንም ነው። አየር ኳስ ላይ የሚሠራው በጨርቁ በኩል ነው፤ በክረምት ደሴ በጉም ስትሸፈን ጨርቁ እርጥበት ይይዝና ኳሱ ይከብዳል። ይህ እውነት ነው። ግን ያን ቀን ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበረች፣ ጨርቁም ደረቅ ነበር። ሰበቡ አልሠራም።

በሚቀጥለው እሁድ ሜትር ይዘን ተመለስን። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ጠረጴዛውን ብንለካው ይከፋዎታል?» ስላቸው ሳቁና ጠዋት ሰው ሳይመጣ እንድንጠቀምበት ፈቀዱልን። ይመቻቸው።

ኳሶቹ የሚሮጡበት ሜዳ ከላስቲክ እስከ ላስቲክ (ኳስ ከሚነጥርበት ጠርዝ እስከ ጠርዝ) ሲለካ የኮምቦልቻው 127 በ254 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ 9 ጫማ የሚባለው፣ በዓለም ውድድር የምናየው መጠን ነው። ደሴ ያለው የእኛው 99 በ198 ነው፣ 7 ጫማ። በመሐል 8 ጫማ የሚባል አለ፣ የተለመደው 112 በ224 ነው፤ በዚያው ስም የሚጠራ ከዚህ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ወደ 117 በ234 የሚሆንም አለ። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትመኑ፣ ለኩ።

ሁሉም ርዝመታቸው የወርዳቸው እጥፍ ነው። ከዚህ አንድ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ነጩ የሚቀመጥበት መስመር ከኋላው ላስቲክ የጠረጴዛውን ሩብ ርቆ ነው ያለው። በሦስት ማዕዘን የተደረደሩት ኳሶች ራስ፣ የፊተኛዋ ኳስ፣ የምትቀመጥበት ነጥብም ከወዲያኛው ላስቲክ ሩብ ነው። በመሐል የሚቀረው ግማሽ ነው። የርዝመቱ ግማሽ ደግሞ ወርዱ ነው። እንግዲህ ነጩን መሐል መስመሩ ላይ ብታስቀምጡት ከራስ ኳሱ ያለው ርቀት ልክ የጠረጴዛውን ወርድ ያህል ነው ማለት ነው። ደሴ 99፣ ኮምቦልቻ 127። ይህን ሳገኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ሜትርም አላስፈለገንም፤ ስቲኩ 147 ሳንቲም ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ በወርዱ ታጋድሙታላችሁ፣ ከላስቲክ አልፎ የተረፈው 20 ገደማ ከሆነ ትልቁ ነው፣ 48 ከተረፈ ትንሹ።

የሚገርመው ጠረጴዛው ሲያድግ ኳሶቹ አያድጉም። በሦስቱም መጠን ጠረጴዛ ላይ አንድ ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ነው፣ አሥራ አምስቱ ሲደረደሩ የኋላው ረድፍ 28 ሳንቲም ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሚለወጠው በዙሪያቸው ያለው ባዶ ቦታ ነው። ደሴ ላይ ከኋላው ረድፍ እስከ ላስቲኩ 27 ሳንቲም ብቻ ነው ያለው። ኮምቦልቻ 41። በጎን ደግሞ ደሴ በየወገኑ 35፣ ኮምቦልቻ 49። በጠቅላላ ስፋት ብታሰሉት የእኛ ጠረጴዛ የዚያኛውን 6 እጅ ከ10 ነው። ደሴ ላይ ኳሶቹ ሄደው ወዲያው ላስቲክ ያገኛሉ፣ ተመልሰው እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ጉድጓዱም ቅርብ ስለሆነ አንዱ ሳያስበው ይገባል። የልጁ ዝና ግማሹ እዚህ ጋ ነው ያለው። ይህን ስነግረው ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ቀጥሎ ያየነው የሳተውን ነው። ልጁ ራስ ኳሱን በሙሉ ፊት ነው የምመታው ይላል። እኔ ስልኬን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቁሜ በስሎ ሞሽን ቀረጽኩት። አሥር ጊዜ በተነ። በአብዛኛው ነጩ ራስ ኳሱን ከመሐሉ ወጣ ብሎ ነው የመታው። ደሴ ላይም እንዲህ ሲስት ኖሯል፣ ግን አልታወቀበትም። እጅህ አንድ ዲግሪ ብትዞር በ99 ሳንቲም ርቀት ላይ 1.7 ሳንቲም ትስታለህ፣ በ127 ላይ ግን 2.2። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ኳሱ ራሱ 5.7 ሳንቲም ነው እኮ። 2.2 ስትስት ነጩ ከፍጥነቱ 4 እጅ ከ10 ያህሉን ይዞ ወደ ጎን ይወጣል። በ1.7 ግን 3 እጅ ያህል ነው። ኳሶቹ የሚደርሳቸው ምት ያን ያህል አይቀንስም፤ ጉዱ የነጩ ነው። በዚያ ፍጥነት ወደ ጎን የሮጠ ነጭ ወይ መሐል ጉድጓድ ይገባል፣ ወይ ላስቲክ መትቶ የተበተኑትን መልሶ ይሰበስባቸዋል። ሁለተኛው ጌም ተገኘ።

እሱ ደግሞ በሳተ ቁጥር ኃይል ይጨምራል። ኃይል ሲጨምር ትከሻው ይነሳል፣ ትከሻው ሲነሳ የበለጠ ይስታል። ትልቅ ጠረጴዛ ሲያይ ሰው ሁሉ የሚያስበው «ሩቅ ነው፣ ጠንከር አድርጌ ልምታ» ነው። እኔም አስብ ነበር። ግን ሩቁ በመጀመሪያ የሚፈልገው ቀጥ ማለትን ነው፣ ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የጠረጴዛው ጉዳይ እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያገኘነው ግን ከጠረጴዛው ጋር የማይገናኝ ሆኖ አረፈው፣ እኔንም ያስገረመኝ ይሄ ነው።

ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ነጩ ሥር ጥላ አየሁ። ኳስ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ ጥላው ከሥሩ ይጀምራል። ይሄ ጥላ ግን ከኳሱ ተለይቶ ለብቻው ይሮጣል። ነጩ በአየር ላይ ነው! ራስ ኳሱ ጋ ሲደርስም ገና አላረፈም፣ ከፍ ብሎ ይመታዋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይነሳል። ወንበር ሥር የገባው በዚህ ነው። ለምን ይዘላል? የስቲኩን ቂጥ ከፍ አድርጎ ወደ ታች ስለሚመታ። ለምን ከፍ ያደርጋል? ደሴ ያለችውን ፑል ቤት ስላላያችኋት ነው።

ጠባብ ክፍል ናት። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ኋለኛው ግድግዳ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ነጩን መስመሩ ላይ አስቀምጠህ ስቲኩን ብትይዝ ወደ 85 ሳንቲም ከጠረጴዛው ውጭ ይተርፋል። ወደ ኋላ ለመሳብ የሚቀርህ 15 ሳንቲም ነው። በ15 ሳንቲም ማን ይበትናል? ስለዚህ ልጁ ሳያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ አጭር፣ እንደ ሚስማር ምት ያለ ብሬክ ለመደ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ አለ፣ የስቲክ ቂጥ ሲመታው የኖረ፣ በሰው ወገብ ቁመት። እኛ ለዓመታት ስናየው የእርጥበት መስሎን ነበር።

የዘለለ ኳስ ደግሞ አርፎ መልሶ ይነጥራል። ደሴ ላይ በ99 ሳንቲም ሲሄድ ብዙውን ጊዜ አርፎ ነበር የሚመታው። ኮምቦልቻ ላይ ርቀቱ ሲረዝም ሁለተኛው ንጥረት ላይ ይደርሳል። በዚህ በኩል እንኳ የርቀቱ ነገር መልሶ መጣ። መድኃኒቱ ስቲኩን የቻልከውን ያህል አግድሞ መያዝ ነው፤ ላስቲኩ እንጨት ስላለው ሙሉ በሙሉ አግድም አይሆንም፣ ትንሽ ዝላይ ምንጊዜም አለ። ነጩን አንድ ሁለት ሳንቲም ወደ ኋላ ወይም ኃይሉን በጥቂቱ መለወጥ፣ ኳሱ ሲደርስ ጨርቅ ላይ እንዲሆን ያደርገዋል። በስሎ ሞሽን ሦስት አራቴ ብትሞክሩ ታገኙታላችሁ።

ደግሞ ነጩ ራሱ አለ። ኮምቦልቻ ነጩ ለምን ወደ ኋላ እየተመለሰ ጥግ ውስጥ እንደሚገባ ግራ ገብቶን ነበር። ደሴ ስንመለስ የእኛን ነጭ ከአንዱ ኳስ ጎን አስቀመጥኩትና ላያቸው ላይ ማስመሪያ አጋደምኩ። ማስመሪያው ዘመመ። ሱቅ ወስጄ በካሊፐር ስለካው ሌሎቹ 57 ሲሆኑ እሱ 60 ነው። ጎረቤት ያለችው ቅመም ሻጭ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው ከሌሎቹ በ30 ግራም ገደማ ይበልጣል። ሴትዮዋ «ይሄ ምን ዓይነት ነጭ ሽንኩርት ነው?» ብላ ስቃብናለች። ለካ በሳንቲም የሚሠሩ የድሮ ጠረጴዛዎች ላይ ማሽኑ ነጩን ከሌሎቹ ለይቶ እንዲመልስ ሆን ተብሎ ተለቅ ተደርጎ የሚሠራ ነጭ አለ። የእኛው ከዚያ ዓይነት ነው። እንዴት ደሴ እንደገባ ማንም አያስታውስም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ከባድ ነጭ ኳሶቹን ከመታ በኋላ ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል። እሱን ለማቆም ልጁ ከታች፣ ከሥሩ መምታት ለመደ። ኮምቦልቻ ያለው ግን እንደ ሌሎቹ እኩል የሆነ ነጭ ነው። እኩል ነጭ የተጣበቁ አሥራ አምስት ኳሶችን በሙሉ ፊት ሲመታ በራሱም ወደ ኋላ ይነጥራል፤ እሱ ላይ ከሥር ስትመታው እንደ ተባረረ ፍየል ተመልሶ ጥግ ድረስ ይመጣል። ሦስተኛው ጌም ይሄ ነው። ከመሐሉ፣ ወይም ከመሐሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢመታው ኖሮ ነጩ ጠረጴዛው መሐል ላይ በቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ነበረን። የእሱ ጓደኛ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ፊዚክስ ያውቃል፣ ኳሱ ረጅም ርቀት ሲሄድ ጨርቁ የኋላ ሽክርክሪቱን ይበላዋልና ትልቅ ጠረጴዛ ላይ የበለጠ ከሥር መምታት ያስፈልጋል አለ። ልክ ነው፣ ግን ለቀስታ ምት። ብሬክ ላይ ነጩ እዚያ ለመድረስ የሰኮንድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይፈጅበትም፣ ጨርቁ ለመብላት ጊዜ የለውም። የእኛ የነጩ ክብደት ልዩነት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ልጁ ግን የዩኒቨርሲቲውን አምኖ አንድ ሙሉ ጠዋት ከሥር ሲመታ አሳለፈ። አራቴ ነጩን ከተተ። ከዚያ እኔን አመነኝ።

የመጨረሻው ነገር የአደራደር ነው። የእኛ ጠረጴዛ ጨርቅ አሮጌ ስለሆነ ኳሶቹ በየቀኑ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ትንንሽ ሰርጎዶች አሉ፤ በጣት ስትዳስሱት ይታወቃል። ኳሱ ሰርጎዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጎረቤቱም እንዲሁ፣ ሦስት ማዕዘኑን ስታነሳው ንቅንቅ አይሉም። ኮምቦልቻ ጨርቁ አዲስ ነው። ሦስት ማዕዘኑን ሲያነሱት ራስ ኳሱ የወረቀት ውፍረት ያህል ወደፊት ትሸሻለች። በመሐላቸው ክፍተት ካለ ምቱ ተከፋፍሎ ይሞታል፣ የኋላዎቹ አይሰሙትም። የመጀመሪያው ጌም ይሄ ነበር። ፈውሱ ቀላል ነው፤ ከኋላ በጣቶች ገፋ አድርጎ ይዞ፣ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በመብራቱ አንጻር በኳሶቹ መሐል ብርሃን እንዳይታይ ማየት። ኮምቦልቻ ልጆቹ ለእንግዳ ሲደረድሩ ይህን አያደርጉም። ተንኮል ነው አልልም። ግን ለራሳቸው ሲደረድሩ ያደርጋሉ።

በሦስተኛው እሁድ ሁሉንም አንድ ላይ ሞከርነው። ነጩ መስመሩ ላይ መሐል፣ ስቲኩ አግድም፣ ምቱ ከመሐል ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ኃይሉ ከለመደው ወደ ሰባት እጅ ከአሥር የወረደ። ሰባት እጅ ስለው ፊቱን አጨፈገገ። «ጋሼ፣ በዚህማ ሽሮ ነው የምናማስለው» አለ። በስድስት ዓመት ብበልጠውም ሲናደድ ብቻ ነው ጋሼ የሚለኝ። ሆኖም መታ። ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፤ ያ የተሰነጣጠቀ ጫጫታ ቀርቶ አንድ ደረቅ ጧ! ብቻ። ነጩ ትንሽ ወደ ላይ ነጠረና ወደ መሐል ተመልሶ ቆመ። የኋላው ረድፍ ሁለቱ ጥግ ኳሶች ተከፍተው ሄዱ፣ አንዱ ገባ። ከአሥር ብሬክ በስድስቱ ኳስ ገባ፣ ነጩ የጠፋው አንዴ ብቻ ነው። መጀመሪያ በቀረጽነው አሥር ላይ በሁለቱ ብቻ ነበር የገባው፣ ነጩ ደግሞ አራቴ ጠፍቶ ነበር። አሥር ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልዩነቱን ባለቤቱም ከባንኮኒው ሆነው አይተውታል።

ከዚያ በኋላ ነው ኃይል የጨመረው። በጥቂቱ፣ ነጩ መሐል መቆሙን እስካላቆመ ድረስ። እኔ ለሰው የምነግረው አንድ ደንብ ቢኖር ይሄ ነው፤ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ የኃይልህን ልክ የሚነግርህ የገባው ኳስ ብዛት ሳይሆን ነጩ የቆመበት ቦታ ነው። በሕጉም ቢሆን፣ በዓለም አቀፉ የ8 ኳስ ሕግ ምንም ሳይገባ ቢቀር እንኳ አራት ኳሶች ላስቲክ ከነኩ ብሬኩ ትክክለኛ ነው። አራት ብቻ! እኛ አሥራ አምስቱም እንዲሮጡ እንፈልጋለን።

ግን ችግሩ ደሴ ሲመለስ ተገለበጠ። በአዲሱ ምት፣ ስቲኩን አግድሞ፣ ሊበትን ሲል ቂጡ ግድግዳውን መታ። ነጩ ሦስት ጣት ያህል ተንፏቅቆ ቆመ። ፑል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትንሿ ጠረጴዛ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት፤ ከኋላ ያለው 27 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ በኃይል ስትመታ ሁሉም ተመልሶ ይመጣና መሐል ላይ ሦስት አራት ሆኖ ይቋጠራል። ብዙ ይገባል፣ ግን የቀረው የተጠላለፈ ነው። ስለዚህ እዚያ ሌላ መንገድ ፈለግን።

ነጩን ከመሐል አንስተን ወደ ግራው ረጅም ላስቲክ አስጠጋነው። ከዚያ የሚመታው ራስ ኳሱን ሳይሆን ከሱ ቀጥላ ባለችው ረድፍ ላይ፣ በእሱ በኩል ያለችውን ነው። እንዲህ ሲመታ መሐል ያለው ጥቁር ወደ መሐል ጉድጓዱ አካባቢ ይንቀሳቀሳል፤ በእኛ ሕግ ደግሞ ይህ ወርቅ ነው። ነጩ የመጥፋት ዕድሉ ግን ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ያ አሮጌ ልማዱ፣ ከሥር መምታቱ፣ ለከባዱ ነጭ ጠቀመው። አንዱን መርሳት አልነበረበትም ማለት ነው። የቀረው ግድግዳው ነበር። ከግራ ሲመታ የስቲኩ ቂጥ የሚያመለክተው ወደ ኋላ ግራ ጥግ ነው። ግራ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ በሩ ነው። በሩን ከፈትነው። አሁን እሱ ሊበትን ሲል የስቲኩ ጫፍ በበሩ በኩል ወደ መንገድ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው ዞር ይላል፣ ውጭ የቆሙት ሊስትሮዎችም ብሬክ መሆኑን ከዚያ ያውቃሉ። ክረምት ላይ ዝናብና የጦሳ ተራራ ብርድ ይገባል፣ ሰው ያማርራል፣ «ዝጉት አቦ!» ይላል። ግን ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

ባለፈው ወር ዓሣ ልንበላ ሐይቅ ሄድን። አንድ ቤት ውስጥ ፑል ነበር። ልጁ ምንም ሳይናገር ስቲኩን በወርዱ አጋደመና ከላስቲኩ ያለፈውን በስንዝርና በአውራ ጣቱ ለካ። «35 ገደማ» አለኝ፤ 8 ጫማ ነው። ነጩን አንስቶ ከአንድ ኳስ ጎን አስቀመጠ፣ አየ፣ እኩል ነው። ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ግድግዳ አየ፣ ሰፊ ነው። ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ይሁን በሌላ፣ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ስለዚህ ከኮምቦልቻው ኃይሉን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገ። ኳሶቹን ራሱ ደረደረ። ተጋጣሚው ይህን ሁሉ ሲያይ ትዕግሥቱ አልቆ «ወንድሜ፣ ልትገዛው ነው እንዴ?» አለው።

መታ። ሁለት ገባ፣ ነጩ መሐል ላይ ቆመ፣ ከፊቱ አንድ እጅግ ቀላል ኳስ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ።

እሷን ሳታት።